ቅጽበታዊ የእጅ ምትና ቀለም በረቂቅ ሥዕል፤ ከገብረ ክርስቶስ ደስታ እስከ ሦስተኛ ክፍል

በ2016 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት በማስተማር ልምምድ ላይ የተሰማሩ ሠልጣኞችን ለመጎብኘት ወደ ቡራዩ ሄጄ ነበር። ከጎበኘኋቸው ትምህርት ቤቶች በአንደኛው፣ በሦስተኛ ክፍል የተመደበችው ሠልጣኝ ተማሪዎቹን «ቤታችሁን ሣሉ» ብላ አዝዛ፣ ወረቀቶቹን ሰብስባና አርማ ጠበቀችኝ። ከወረቀቶቹ መካከል አንዱ በምንም መልኩ ቤት አይመስልም። ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ አጋድለው በወረዱ የከሰል ጭረቶች ተሞልቷል። በታችኛው ማእዘን ብቻ፣ ወረቀቱ ሊበሳ እስኪደርስ ድረስ በቀይ እርሳስ ደጋግሞ የተቀባ አንድ ቦታ ይታያል። የተሰጠው ነጥብ ከ10 2 ነበር።

ሠልጣኟ አልተሳሳተችም። ከ10ሩ ነጥብ 6ቱ ለመመሳሰል፣ 2ቱ ለንጽሕና፣ 2ቱ ቀለሙ ከመስመር ባለመውጣቱ እንዲሰጥ የሚያዘውን የማረሚያ መመሪያ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ እርሷ የፈጸመችው የእኔን ትእዛዝ ነው። ልጅቷን አስጠርተን ምን እንደ ሣለች ብንጠይቃት፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ያለ አንዳች ማመንታት አስረዳችን። ጭረቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ነው፤ ቀዩ እናቷ እንጀራ የምትጋግርበት እሳት ነው። ቤቱን ሁላችንም እንደ ለመድነው ከውጭ ሆና ሳይሆን ከውስጥ ሆና ሥላዋለች። በመመሪያዬ ውስጥ ይህን የሚመዝን ዓምድ አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ አንዲት ልጅ ነጥብ መሟገት ብቻ አይደለም። የሚታወቅ ቅርጽ የሌለው፣ በእጅ ምትና በቀለም ብቻ የቆመ ሥዕል ዕውቀት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ጥያቄ በሌላው ዓለም ከ70 ዓመታት በላይ ሲያከራክር የኖረ፣ በአገራችንም በ1950ዎቹ ዓ.ም. በይፋ የተነሣ ጥያቄ ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሥዕል ክፍለ ጊዜ የሚያስተምሩ መምህራንም ሆኑ ለዚያ ክፍለ ጊዜ ዕቅድ የሚያወጡ ባለሙያዎች ይህን የክርክር ታሪክ ቢያውቁት ከሚገመተው በላይ ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስልቱ አነሣሥ

አብስትራክት ኤክስፕሬሽኒዝም የተባለው የአሣሣል ስልት የጎለመሰው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን በኒው ዮርክ ከተማ ነው። «ረቂቅ ገላጭነት» ብሎ መተርጎም ይቻል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ በአገራችን የሥነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ ስሙ እንዳለ ስለ ተለመደ እኔም እንዳለ ወስጄዋለሁ። ሮበርት ኮትስ የተባለ ሐያሲ በ1946 ስያሜውን ለኒው ዮርክ ሠዓልያን ሥራ ተጠቀመበት። ከ6 ዓመታት በኋላ በ1952 ሃሮልድ ሮዘንበርግ የተባለ ሌላ ሐያሲ፣ ለእነዚህ ሠዓልያን ሸራው ነገር የሚቀዳበት ገጽ መሆኑ ቀርቶ ድርጊት የሚፈጸምበት መድረክ ሆኗል በማለት «የድርጊት ሥዕል» የሚለውን አጠራር አመጣ። በዚህ አስተያየት መሠረት በሸራው ላይ የሚቀረው የአንድ ነገር አምሳል ሳይሆን የአንድ ሰው እንቅስቃሴ አሻራ ነው።

ከሁሉ የላቀ ዝና ያተረፈው ጃክሰን ፖሎክ (1912–1956) ነው። ፖሎክ ከ1947 እስከ 1950 ባሉት ዓመታት ሸራውን ከግድግዳ አውርዶ መሬት ላይ ዘረጋው። ለቤትና ለዕቃ መቀቢያ የሚሸጠውን ፈሳሽ ቀለም በእንጨትና በደረቀ ብሩሽ እየጠለቀ፣ በሸራው ዙሪያ እየተዘዋወረ ያንጠባጥብና ያፈስ ነበር። በ1950 የሠራው «የመጸው ምት» የተሰኘው ሥዕል ቁመቱ 2.67 ሜትር፣ ወርዱ 5.26 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለ ሸራ ላይ የሚሠራው ክንድ፣ ትከሻና እግር እንጂ የጣት ጫፍ ብቻ አይደለም። ፖሎክ ሥራው የአጋጣሚ ውጤት ነው መባሉን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ የቀለሙን አወራረድ እንደሚቆጣጠረውም ደጋግሞ አስረድቷል።

ይህ አሠራር ከባዶ አልተነሣም። ፖሎክ በ1936 የሜክሲኮው ሠዓሊ ሲኬይሮስ በኒው ዮርክ ባቋቋመው የሥራ ቤት ውስጥ ገብቶ ቀለም ማፍሰስንና መርጨትን አይቷል። በምዕራብ አሜሪካ የሚኖሩ የናቫሆ ሕዝቦች ባለ ቀለም አሸዋ በእጃቸው እየበተኑ መሬት ላይ የሚሠሩትንም ሥዕል ያውቅ ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የቺሊው ተወላጅ ሮቤርቶ ማታ፣ ሐሳብ ሳያቋርጠው እጅን ለቆ የመሣል ልማድን ከፈረንሳይ ሱሪያሊስቶች ተቀብሎ ለኒው ዮርክ ወጣት ሠዓልያን አስተላልፏል። የማታን ስም አንባቢ ቢይዝልኝ እወዳለሁ፤ ወደ አገራችን ስንመጣ እንደገና እናገኘዋለን።

ስለ ድንገተኛነት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የፍራንዝ ክላይን ሥራ ነው። ክላይን (1910–1962) በነጭ ሸራ ላይ በግዙፍ ጥቁር ጭረቶች የታወቀ ሠዓሊ ነው። ሥዕሎቹን ያየ ሁሉ በአንድ እስትንፋስ፣ በአንድ ውርወራ የተሠሩ ይመስሉታል። እርሱ ግን በአሮጌ የስልክ ቁጥር ማውጫ ገጾች ላይ ብዙ ትናንሽ ሙከራዎችን ይሠራ ነበር፤ ከእነዚህም የተመረጠውን ወደ ትልቁ ሸራ ያሳድገው ነበር። ጓደኛው ቪለም ደ ኩኒንግም ከ1950 እስከ 1952 ድረስ በአንድ የሴት ሥዕል ላይ እየሣለ፣ እየፋቀ፣ እንደገና እየሣለ ቆይቷል፤ በመጨረሻ የቀሩት ጭረቶች አሁን የተጣሉ ይመስላሉ። እንግዲህ ቅጽበታዊ የሚባለው የእጅ ምት ቅጽበታዊ የሚሆነው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ረጅም ነው።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰውና የብራና ጸሓፊ ነበሩ። ይህን ዝርዝር የማነሣው ለሕይወት ታሪክ ማሟያ ያህል አይደለም። የብራና ጸሓፊ ቆዳውን ፍቆና አለስልሶ፣ መስመሩን በወስፌ አስምሮ፣ ብርዑን ቀርጾና ቀለሙን በጥብጦ ሲጨርስ ነው ለመጻፍ የሚቀመጠው። መጻፍ ከጀመረ በኋላ እያንዳንዱ የብርዕ ምት የመጨረሻ ነው፤ የተሳሳተውን በስለት ከመፋቅ በቀር ማረሚያ የለውም። ጥቁሩ ቀለም ቃሉን፣ ቀዩ ቀለም የከበረውን ስም ይሸከማል። ኋላ በኮሎኝ ከተማ ስለ እጅ ምትና ስለ ቀለም ክብደት የተማረው ልጅ፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች በቤቱ ሲሠራባቸው አይቶ ያደገ ነው።

ገብረ ክርስቶስ ከ1957 እስከ 1961 በኮሎኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ወቅቱን ልብ ማለት ይገባል። በ1958 እና በ1959 «አዲሱ የአሜሪካ ሥዕል» የተሰኘው ትዕይንት በ8 የአውሮፓ ከተሞች ተዘዋውሯል። በ1959 በምዕራብ ጀርመን ካሰል ከተማ የተካሄደው ሁለተኛው ዶኩሜንታም የፖሎክንና የጓደኞቹን ሥራዎች ለሕዝብ አሳይቷል። ጀርመን በበኩሏ ከዚያ ቀደም የራሷ ውርስ ነበራት፤ ቫሲሊ ካንዲንስኪ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሙኒክ ሆኖ፣ ቀለም ያለ ዕቃ አምሳል እንደ ሙዚቃ ድምፅ ሊናገር ይችላል ብሎ የተነሣባት አገር ናት። ገብረ ክርስቶስ ከዚህ አየር ውስጥ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም መምህር ሆነ።

ትምህርት ቤቱ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መባቻ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የተቋቋመ ሲሆን መሥራቹና የመጀመሪያው ዳይሬክተር አለ ፈለገ ሰላም ነበሩ። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም የተማሩ፣ ነገርን እንዳለ አስተካክሎ መሣልን የትምህርት መሠረት ያደረጉ መምህር ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ በ1963 በአዲስ አበባ ያሳያቸው ሥዕሎች ከዚህ ልማድ የራቁ ስለ ነበሩ ብርቱ ክርክር አስነሡ። ክርክሩን ወደ ሁለት ክሶች ማጠቃለል ይቻላል። አንደኛው ሥዕሉ የውጭ ነው፣ የኢትዮጵያ አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው ይህን ማንም ሊሠራው ይችላል የሚል ነው።

የመጀመሪያው ክስ ሚዛኑ የተዛባ ነው ብዬ አምናለሁ። ከቺካጎ የመጣው የጥላና የርቀት ሕግ ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ከኮሎኝ የመጣው የቀለም ትምህርት ባዕድ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ለረጅም ዘመን የሠሩት ነገርን በዓይን እንደሚታይ መቅዳትን አልነበረም፤ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይን የሣሉት በዓለም ላይ የሚታየው እንዲህ ሆኖ አይደለም። ከዚህም ጋር «ሀገሬ» የተሰኘውን፣ ትውልድ በቃሉ የያዘውን ግጥም የጻፈው ይኸው በባዕድነት የተከሰሰው ሰው መሆኑ ይታወስ።

ሁለተኛው ክስ ግን መልስ ይፈልጋል፤ በክፍል ውስጥ የሚያጋጥመንም እርሱ ነው። «ጎልጎታ» የተሰኘውን የ1963 ሥራውን እንመልከት። ስቅለትን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው በሥርዓት በተደረደሩ ሰዎች ነው፤ ማርያምና ዮሐንስ ከመስቀሉ ግራና ቀኝ፣ ከላይ ፀሓይና ጨረቃ። በ«ጎልጎታ» ውስጥ ሕመሙን የሚሸከመው የሰዎቹ አቋቋምና የፊታቸው ገጽታ ሳይሆን ቀለሙ ነው፤ በተለይም ቀዩ። ተመልካቹ የሚያነበው ዝርዝር ታሪክ የለም፤ ታሪኩን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ሠዓሊው ይህን ዕውቀት ተመልካቹ ይዞት እንደሚመጣ ተማምኖ፣ የሚተወውን መርጦ ተወ። የሚተውትን ለመምረጥ ደግሞ ሊይዙት የሚችሉትን ማወቅ ያስፈልጋል። ገብረ ክርስቶስ ሰውንና ከተማን በሚታወቅ ቅርጽ የሣለባቸው ሥራዎችም አሉት፤ ከቅርጽ ወደ ረቂቅ፣ ከረቂቅ ወደ ቅርጽ በሕይወቱ ሙሉ ተመላልሷል። መሣል ስላቃተው ወደ ጭረት የሸሸ ሰው አልነበረም።

በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ሸለመው። በ1967 ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ፣ የሥዕሎቹን የደበዘዘ ቀለምና የግጥሞቹን ድግምት መሰል ቃላት አጣምሮ የሚመረምር ጽሑፍ አወጣ። ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ሥራ እንዲህ ባለ ጥሞና መጻፉ በራሱ የዘመኑ ምልክት ነበር። ገብረ ክርስቶስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአገር ወጥቶ በ1981 በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት፣ በሎውተን ከተማ፣ በስደት አረፈ። በጀርመን ተቀምጠው የኖሩ ሥዕሎቹ ተመልሰው፣ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፍቷል። ከሱሉልታ የሚመጣ ተማሪ የእንጦጦን ጀርባ ወርዶ በአዲሱ ገበያ፣ ከቡራዩ የሚመጣው በአስኮ፣ ከሰበታ የሚመጣው በዓለም ገናና በአየር ጤና አድርጎ ስድስት ኪሎ ይደርሳል። ርቀቱ የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ አይደለም። ሆኖም ካሠለጠንኳቸው መምህራን መካከል ስሙን በግጥሙ እንጂ በሥዕሉ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

እስክንድር ቦጎሲያንን (1937–2003) ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም፤ ምንም እንኳ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚቀርበው ገብረ ክርስቶስ ቢሆንም። እስክንድር በ1955 ወደ ለንደን ሄዶ፣ ቀጥሎም በፓሪስ 9 ዓመታት ያህል ኖሮ በ1966 ተመለሰ፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም እስከ 1969 አስተማረ። በፓሪስ ሳለ እጅግ ከማረኩት ሥራዎች መካከል ቀደም ብዬ ያነሣሁት የሮቤርቶ ማታ ሥዕሎች ይገኙባቸዋል። እንግዲህ የኒው ዮርኩ ፖሎክና የአዲስ አበባው እስክንድር አንዱ በ1940ዎቹ፣ ሌላው ከ20 ዓመታት በኋላ ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል ማለት ነው። የአዲስ አበባውን ሥዕል የኒው ዮርኩ ግልባጭ አድርጎ መቁጠር ታሪኩን ማሳሳት ይሆናል። እስክንድር ኋላ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተምሯል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ትምህርቱን የተከታተለው ወሰኔ ኮስሮፍ የፊደላችንን ቅርጾች እየሰባበረና እያስጨፈረ ረቂቅ ሥዕል ሠርቶባቸዋል። በ1970 በአዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደችው ጁሊ ምሕረቱ ደግሞ፣ የከተማና የሕንፃ ንድፎችን በጥንቃቄ ሥላ በላያቸው ላይ ፈጣን የእጅ ምቶችን በመደራረብ በዛሬው ዓለም ከታወቁት ሠዓልያን አንዷ ሆናለች። በእርሷም ሥራ ንድፉ አስቀድሞ ካልተነጠፈ ፈጣኑ ምት የሚያርፍበት የለውም።

ስለ ዝግጅትና ስለ ቅጽበት

በአገራችን ይህን ነገር ለማስረዳት ከኒው ዮርክ መጀመር አያስፈልግም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግሥ አውርዶ፣ የቅኔውን ዓይነት ለይቶ፣ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ባለቅኔው በማኅበር መካከል ሲዘርፍ ግን ቅኔው የዚያች ሰዓት ነው፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጌራርሳ የሚያዜም ሰውም ስልቱንና አዘማመሩን ከአባቶቹ ወርሶ፣ የራሱን ነገር በዚያው ቅጽበት ያስገባበታል። ሁለቱም ዘንድ ድንገተኛነት የዕውቀት መጉደል ሳይሆን የዕውቀት መብሰል ነው።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለ፤ በቡራዩዋ ልጅ ወረቀት ማእዘን ላይ የነበረው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ፣ እየዞረች ወደ መሐል ታፈሰዋለች። እጇ ከቆመ ይወፍራል፤ ከቸኮለ ይሳሳል፤ የፈሰሰው አይመለስም። ነገር ግን ከዚያች ቅጽበት በፊት እርሾው ተጥሏል፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ ምጣዱ ግሎ ታስሷል። ስለ ፖሎክ አሠራር በማስተምርበት ጊዜ ብዙ ቃላት ካባከንኩ በኋላ፣ ከሰበታ አካባቢ የመጣች አንዲት ሠልጣኝ «መምህር፣ ይህማ እንጀራ መጋገር አይደለም እንዴ?» ብላ ክፍሉን አስቃዋለች። ትምህርቱን ከእኔ ይልቅ እርሷ አስተማረች።

ከኒው ዮርክ ሠዓልያን መካከል ለመምህራን ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ማርክ ሮትኮ (1903–1970) ይመስለኛል። ሮትኮ የሚታወቀው ቀለምን በስሱ ደራርቦ በሚሠራቸው፣ ጠርዛቸው በደበዘዘ ትላልቅ አራት ማእዘኖች ነው፤ ተመልካቹ ግማሽ ሜትር እንኳ ሳይርቅ ቀርቦ በቀለሙ እንዲከበብ ይፈልግ ነበር። ከዚህ ዝና በፊትና ከዚህ ዝና ጋር ጎን ለጎን ግን፣ ከ1929 እስከ 1952 በብሩክሊን በአንድ የአይሁድ ማኅበረሰብ ማእከል የሕፃናት ሥዕል መምህር ነበር። በ1934 የተማሪዎቹን ሥራዎች በብሩክሊን ሙዚየም ለሕዝብ አሳየ፤ በዚያው ዓመት ባወጣው ጽሑፍም ሥዕል ለልጅ እንደ ንግግርና እንደ ዜማ ተፈጥሯዊ ቋንቋ መሆኑን አመለከተ። ልጁ ቋንቋውን ይዞ ይመጣል፤ የመምህሩ ሥራ ቋንቋው ከልጁ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው የሚል አሳብ ነበረው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ልጅ ይዞት የሚመጣው የሠዓሊው ድካም ውጤት ነው ማለት አይደለም። ፖሎክም፣ ክላይንም፣ ገብረ ክርስቶስም ብዙ ተምረው ወደዚያ ደረሱ፤ ልጅቷ ገና ከመነሻው ላይ ናት። ይህን ልዩነት የዘነጋ መምህር በሌላ አቅጣጫ ይሳሳታል፤ እኔም የተሳሳትኩት እንዲሁ ነው።

ከቡራዩ ጉብኝት በኋላ የማረሚያ መመሪያዬን ሰረዝኩ። በሚቀጥለው ዙር በሦስቱ ከተሞች ለሚሰማሩት ሠልጣኞች፣ የክወናና ዕይታ ጥበባት ትምህርት ሲያስተምሩ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለነጻ ሥዕል እንዲሰጡ ነገርኳቸው። የቀለም ችግር እንደ ፈራሁት አልሆነም። ከቡራዩ ተዳፋት ቀይ አፈር፣ ከሱሉልታ ሜዳ ጥቁር አፈር፣ ከየቤቱ ከሰል፣ አመድና እርድ መጣ፤ በዱቄት ሙጫ ተበጠበጠ። ጫፉ የታኘከ መፋቂያ ከሱቅ ብሩሽ የማይተናነስ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። ከፋብሪካ የተጣለ ካርቶንና የተገለበጠ የሲሚንቶ ከረጢት ለወረቀት ተተካ፤ ስፋታቸውም ለክንድ እንቅስቃሴ ከደብተር ወረቀት የተሻለ ነው። በደብተር ላይ የሚሣል ልጅ የሚያንቀሳቅሰው ጣቱን ብቻ ነው።

ውጤቱን ለማየት በሄድኩ ጊዜ ግን አንዱ ሠልጣኝ ለ64 ተማሪዎቹ ሁሉ 10 ከ10 ሰጥቶ አገኘሁት። ምክንያቱን ስጠይቀው «ነጻ ነው ብለውን የለም እንዴ፣ መምህር? ታዲያ በምን ልቀንስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጆቹም ይህን ተረድተውታል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግማሾቹ ካርቶኑን በአንድ ደቂቃ ሞነጫጭረው ወደ ጨዋታቸው ሄደዋል። የመጀመሪያው መመሪያዬ ልጆቹን ከጥቁር ሰሌዳ ገልባጮች አድርጓቸው ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ምንም የማይጠበቅባቸው አደረጋቸው።

በመጨረሻ የረዳን የክላይን የስልክ ማውጫ ነው። አሁን የምንሞክረው አሠራር ይህ ነው። ልጁ አስቀድሞ አንድ የሚያውቀውን ነገር ይመርጣል፤ ዝናብን፣ ንፋስን፣ የእናቱን ድምፅ፣ የገበያ ግርግርን። በአሮጌ ጋዜጣ ቁራጭ ላይ በከሰል ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሞክረዋል፤ አንዱን ምት ከባድ፣ አንዱን ቀላል፣ አንዱን ፈጣን እያደረገ። የትኛው ያንን ነገር እንደሚመስል ሳይሆን የትኛው ያንን ነገር እንደሚያሰማ ለጓደኛው ያሳያል፤ ጓደኛውም የመሰለውን ይናገራል። በሳምንቱ በካርቶኑ ላይ ሳያቋርጥ ይሠራዋል። ከዚያ በኋላ ያደረገውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያስረዳል፤ መምህሩ ከገለጻው አንድ ዓረፍተ ነገር ከሥዕሉ ጀርባ ይጽፋል። ነጥቡ የሚሰጠው በሙከራዎቹ መካከል ለታየው ለውጥ፣ ለምርጫውና ለገለጻው ነው። መመሳሰልን የሚጠይቅ ሌላ ክፍለ ጊዜ አለ፤ እርሱም አልቀረም፤ መቅረትም የለበትም። ቅጠልን በትክክል መመልከትና መሣል ለሳይንስም ለእጅም የሚጠቅም ትምህርት ነው።

መምህራን ለዚህ አሠራር ያነሡት ተቃውሞ ተገቢ ነው። 60 እና 70 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ፣ የእያንዳንዱን ልጅ ገለጻ መስማት አይቻልም። ለጊዜው ያገኘነው መፍትሔ በየሳምንቱ የአንድ ረድፍ ልጆችን ብቻ መስማት ነው፤ ይህም ልጅ በመንፈቅ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይደመጣል ማለት ነው። በቂ አይደለም። ዕቅድ አውጪዎች ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜያት በሁለት ሳምንት አንዴ ቢመድቡ፣ የሰዓቱ ድምር ሳይጨምር ልጆቹ ቀለሙን ለማዘጋጀትና ዕቃውን ለማጠብ እንኳ ፋታ ባገኙ ነበር። ከሁሉ በፊት ግን ሠልጣኞች ራሳቸው ጫፉን ያኘኩትን መፋቂያ ይዘው፣ ካርቶን መሬት ላይ ዘርግተው፣ ሦስት ጊዜ ሞክረው አራተኛውን ሊሠሩ ይገባል። በእጃቸው ያልሞከሩትን በነጥብ ሊመዝኑት አይችሉም።

የቡራዩዋን ልጅ ነጥብ ለማስለወጥ ሠልጣኟና እኔ ጠይቀን ነበር። የመንፈቀ ዓመቱ ውጤት በሮስተሩ ላይ ሰፍሮ ተፈርሞበት ስለ ነበር አልተቻለም። ወረቀቱን ልጅቷን አስፈቅጄ ወስጄዋለሁ፤ ስለ ገብረ ክርስቶስ በማስተምርበት ቀን፣ ከ«ጎልጎታ» ቅጂ ቀጥዬ፣ ማን እንደ ሣለው ሳልናገር ለሠልጣኞች አሳያለሁ። ብዙዎቹ ከሰሉን ዝናብ ነው ይላሉ።